የቡሄን እህትማማቾች

ላሟ ድልድዩን አልረግጥም ብላ ቆመች።

ከኋላዋ ሰው ይጋፋል። ልብስ አጣቢዎቹ እርጥብ ልብሳቸውን በቅርጫት ተሸክመው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጎተቱ፣ ጡብ ሠሪዎቹ ጭቃቸውን ሳይታጠቡ፣ ሁሉም በዓባይ ዳር ወዳለው ወደ ቡሄን ምሽግ በር ይሮጣል። ማማው ላይ ያለው ጠባቂ «ሸራ! ከሰሜን ሸራ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። ከየብስ በኩል ወደ ግንቡ የሚያስገባው በጥልቁ ቦይ ላይ የተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ብቻ ነው፤ በድልድዩ አፍ ላይ ደግሞ አንዲት ቡሬ ላም አራት እግሯን ተክላ ቆማለች።

«ከኋላ ግፊያት!» አለች ተርያ፣ ቀንዷን በሁለት እጇ ይዛ።

«እኔ?» አለች ሄኑት። «እኔ የሆሩስ ቤተ መቅደስ ዘማሪ ልጅ የላም ቂጥ ልግፋ?»

«ዘምሪ አላልኩሽም፤ ግፊ ነው ያልኩሽ!»

«ተያትና እንግባ! ላም ሞልቷል አገሩ።»

«ልጅሽን ውጪ ጥለሽው ግቢ ብልሽስ? ልጅም ሞልቷል አገሩ።»

ሄኑት የበፍታ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፤ ቀጭን ትከሻዋን ላሟ ላይ አስደግፋ ባላት ጉልበት ሁሉ ገፋች። ላሟ መልስ ሰጠቻት፤ መልሱም ትኩስ ነበር። ከኋላ የሚጋፋው ሕዝብ ለአፍታ ፍርሃቱን ረስቶ ሳቀ። ላሟ ግን ተንቀሳቀሰች። ላሟ ከፊት፣ ተርያ ከጎኗ፣ ሄኑት የተበላሸ ቀሚሷን ከሰውነቷ አርቃ ይዛ እየተሳደበች ከኋላ፣ ድልድዩን በሩጫ ተሻገሩ። የመጨረሻው ሰው እንደገባ ከባዱ በር ተዘጋ።

ቡሄን ውስጥ እነዚህን ሁለት ሴቶች የማያውቅ አልነበረም። የሄኑት ልጅ ቀስተኛው አንኩ የተርያን ልጅ አሻየትን ሲያገባ፣ ተርያ «ልጄን ላደራጅና እመለሳለሁ» ብላ መጣች፤ ሳትመለስ ቀረች። ከብት ያሳደጋት የኩሽ ሴት ናት፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ጆሮዋ ላይ የዛጎል ጉትቻ፣ ወገቧ ላይ የለፋ ቆዳ። ሄኑት ከሲታ ናት፤ ዓይኗን ሳትኳል ከጎረቤት ጋር አትነጋገርም። ሁለቱም ባል ሞቶባቸዋል። አንድ ምድጃና አንድ የጠላ ጋን ይጋራሉ። በጨው ይጣላሉ፣ በማገዶ ይጣላሉ፣ ጋኑን ማን ከፈተው ብለው ይጣላሉ፤ ሲጣሉ መንደሩ ሥራ ፈትቶ ያዳምጣል። አንዷ የታመመች ጊዜ ግን የሌላዋ ጉሮሮ እህል አይቀበልም። ይህን ያነሳባቸው ሰው ከሁለቱም ስድብ ጠግቦ ይሄዳል።

የሄኑት ቅድመ አያት ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር። ያን ጊዜ እነዚህ ግንቦች የቆሙት የኩሽ ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ግብፅ እንዳያልፍ ነው። ኋላ የሰሜን ነገሥታት እርስ በርስ ተባሉ። እህል የሚያመጡት ጀልባዎች መጀመሪያ ዘገዩ፣ ቀጥሎ ጨርሰው ቀሩ። የኩሽ ገዢ የተራበውን ምሽግ መስበር ሲችል ማሽላና ከብት ላከለት። ዘበኛው በላ፤ ላበላውም ጌታ አደረ። ልጆቹ ከኩሽ አገቡ፣ የልጅ ልጆቹ በሁለት ቋንቋ መሳደብ ለመዱ። ሄኑት ግብፅን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ሆኖም «እኛ አገር» ስትል ጣቷ ሁልጊዜ የሚያመለክተው ወደ ሰሜን ነው።

አሁን በግብፅ፣ በጤቤስ ከተማ የነገሠው ንጉሥ የተረሱትን ምሽጎች አስታወሰ።

መርከቦቹ የሰሜኑን ነፋስ በሸራቸው ሞልተው ከግንቡ ፊት መልሕቅ ጣሉ። አንዲት ጀልባ ተነጥላ ቀረበች፤ ደረቱ ሰፊ አዋጅ ነጋሪ ቆሞ አዋጁን አሰማ፦

«የግብፅ ልጆች ሆይ! ጌታችሁ ንጉሡ ምሕረት አድርጎላችኋል። ነገ ጠዋት በሩን ክፈቱ፤ ግብፃዊ የሆነ ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በቤቱ ይቀመጥ። የኩሽ ሰው ግን ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወደ ደቡብ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ግንብ ውስጥ የተገኘ የኩሽ ሰው ምርኮኛ ነው፤ እጁን ታስሮ ወደ ሰሜን ይወርዳል!»

የምሽጉ አዛዥ ደዱ ሕዝቡን ቤተ መቅደሱ ፊት ሰበሰበ። ሽማግሌ ነው፤ በርጩማ አምጥተውለት በሁለት ሰው ድጋፍ ተቀመጠ።

«ልጆቼ፣» አለ፣ «እኔን የገዛ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ እናንተ ደግሞ ግንብ ጠብቅልን ትሉኛላችሁ። ግንቡ ረጅም ነው፣ ቀስተኛው ጥቂት። ጎተራውንም አይታችሁታል።»

«ያበላን የኩሽ ጌታስ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አብልቶናል። እኔ አፌ ውስጥ ያለችው የቀረችኝ ጥርስ በእሱ ማሽላ ያደገች ናት። ግን ጦሩ ያለው በደቡብ ከፏፏቴው ወዲያ ነው፤ እስኪደርስ እኛ አንኖርም።» ዓይኑን ጠረገ። «ነገ በሩን እከፍታለሁ። ከኩሽ የሆናችሁ ወንድሞቼ፣ ስትወጡ ቀና ብዬ ላያችሁ አልችልም። ይቅር በሉኝ።»

ማንም አልጮኸበትም። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ተበተነ፤ ወዲያው በየቤቱ የዕቃ መጠቅለል ድምፅ ተሰማ።

የተርያ ወንድም አዋዋ የየብሱን በር አስከፍቶ መጣ። ከግንቡ ውጪ ከብት የሚጠብቅ፣ ከእህቱ ጋር አንድ ዓይነት ሰፊ ግንባርና አንድ ዓይነት ፍንጭት ጥርስ ያለው ሰው ነው። ደፍ ላይ ቆመና «ጠዋት እንወጣለን፤ ከብቱን ከወንዙ በላይ አሻግሬዋለሁ። ላምሽን ሌሊቱን እወስድልሻለሁ፤ የእነዚህ ሰዎች ሠራዊት የተራበ ይመስላል» አላት።

ተርያ ልጇን አየች። አሻየት ሆዷ ከፊቷ እንደ ጋን ተገትሮ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የአንኩ ሚስት ስለሆነች ማንም አይነካትም። ለእናት ግን በአዋጁ ውስጥ ቦታ የለም።

«እሺ፣» አለች ተርያ።

ዕቃዋን የጠቀለለችላት ሄኑት ናት። ሳትጠየቅ ዳቦ ጋገረች፤ በቆዳ ከረጢት ጨው ቋጠረች፤ የራሷን የበፍታ ነጠላ አጣጥፋ ከታች ደበቀች። ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው እያጉረመረመች ነው።

«አሁንስ ጓዳዬን ለብቻዬ አገኘሁት። ጨው ቦታው ላይ ይገኛል። የጠላውን ጋን ከፍቶ የሚያሸት የለም።»

«ደስ ይበልሽ» አለች ተርያ።

«ደስ ብሎኛል! ምን፣ አይለኝም መሰለሽ?» አለችና ዞር ብላ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። በማግስቱ ጠዋት ዓይኗን አልተኳለችም።

የወንዙ በር ገና ሳይከፈት አሻየት ወገቧን ይዛ ጮኸች።

«ቀኗ አልደረሰም እኮ!» አለች ሄኑት።

«ድንጋጤ ቀን አይጠብቅም፤ ውሃ አሙቂ» አለች ተርያ፣ የቋጠረችውን ዕቃ በእግሯ ወደ ጥግ እየገፋች። አዋዋ ሊወስዳት ሲመጣ ከበሩ አሳልፋ አላስገባችውም። «ልጅቷን ምጥ ይዟታል። ሰልፉ ውስጥ ቁም፤ እንደወለደች እደርስብሃለሁ።»

«ተርያ፣ ፀሐይዋ አትጠብቅሽም።»

«እኔም ፀሐይን ለምኛት አላውቅም። ሂድ!»

ሄኑት በቀለም ያጌጡትን የመውለጃ ጡቦች አመጣች፤ ሴት በነሱ ላይ ቁጢጥ ብላ ነው የምትወልደው። ተርያ የላም ቆዳ አነጠፈች።

«በጡብ ላይ ነው!» አለች ሄኑት። «ጉማሬዋ አምላክ የምትጠብቀው ጡብ ላይ ያለችውን ነው።»

«ጉማሬሽ የልጄን እግር ትይዝላታለች? በቆዳው ላይ ትንበርከክ።»

«ሁለታችሁም ውጡልኝ!» አለች አሻየት በጥርሷ መሃል። «በሞቴ፣ ወይ ዝም በሉ ወይ ውጡ!»

ዝም አሉ። ጡቦቹን ቆዳው ላይ አስቀመጡ። የወንዙ በር ሲከፈት፣ የጫማና የጦር ድምፅ ጎዳናውን ሲሞላ፣ የምሽጉ ቀስተኞች፣ አንኩም ከነሱ ጋር፣ ቀስታቸውን ሲያስረክቡ፣ ሁለቱ ሴቶች አሻየትን ግራና ቀኝ ደግፈው ተንበርክከው ነበር። ጠዋቱ አለፈ። ልጁ አልመጣም። ተርያ እጇን በዘይት አሽታ መረመረችና ፊቷ ተለወጠ።

«ምንድን ነው?» አለች ሄኑት በሹክሹክታ።

«እግሩ ቀድሟል። መመለስ አለበት። ጥጃ ሲሆን ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ የሰውም ሁለት ጊዜ። ቀስ ብሎ ነው፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ብቻ።»

ገና እጇን እንደገና ዘይት ስትቀባ በሩ ተንኳኳ። ሳይከፈትላቸው ሁለት የጤቤስ ወታደሮች ገቡ። ያዩትን አይተው አንደኛው ፊቱን አዞረ፤ ሌላኛው ግን በጦሩ የተርያን ጉትቻ አመለከተ።

«ይቺ የኩሽ ናት። ተነሽ!»

«ልጄን እያዋለድኩ ነው!»

«ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ተነሽ ተብለሻል!»

ሁለት ክንዷን ይዘው አስነሷት። ግዙፍ ሴት ናት፤ ደፉን እስኪያልፉ አንደኛውን ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር አጋጨችው። አሻየት «እማዬ!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ ሰፈሩን አቋረጠ። ሄኑት ጎረቤቷን ጠርታ ምራቷን አስያዘቻትና፣ እጇ ላይ ዘይትና ደም እንዳለ፣ ፀጉሯ ተገልጦ፣ ወታደሮቹን ተከትላ ሮጠች። ጎረቤቶች ሄኑት ስትሮጥ አይተው አያውቁም።

ቤተ መቅደሱ ፊት መሁ የሚባል የጤቤስ ሹም ጥላ ሥር ተቀምጧል። ወጣት ነው፤ ፊቱን ፀሐይ አቃጥሎት፣ ድካም ዓይኑ ሥር ተቀምጦ፣ ቶሎ ጨርሶ መተኛት የሚፈልግ ሰው ይመስላል። ከፊቱ ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ወዲህ የሚቀሩት፣ ወዲያ ደግሞ ምንጣፍና ፍየል ይዘው እስከ ትልቁ በር የተሰለፉት የኩሽ ሰዎች። ደዱ በርጩማው ላይ ራሱን ደፍቶ ከሹሙ ጎን አለ።

«ይቺ ቤት ውስጥ ተደብቃ ተገኘች» አለ ወታደሩ።

«አልተደበቅኩም!» አለች ተርያ። «እኔ የምደበቅበት ቤት እናንተ አገርም አልተሠራም!»

«ምርኮኛ ናት» አለ መሁ፣ ሳያያት። «እሰሯት።»

«እህቴ ናት!»

ሁሉም ዞረ። ሄኑት ትንፋሿ እየተቆራረጠ መሃል ቆማለች። ተርያ እንኳ አፏን ከፍታ አየቻት።

መሁ ቀና አለ። «አንቺ ማነሽ?»

«ሄኑት እባላለሁ ጌታዬ። ግብፃዊት ነኝ። ቅድመ አያቴ የንጉሥ ቀስተኛ ነበር፤ አባቴ እዚህ ቤት ዘማሪ ነበር። እቺ እህቴ ናት፤ ልትታሰር አይገባም።»

መሁ ትንሽ ፈገግ አለ። «ግብፃዊት? አነጋገርሽ እኮ የኩሽ ሰው ነው። ግማሹ ቃልሽ አይገባኝም።»

ይህ ቃል ሄኑትን ከጥፊ በላይ መታት። ዕድሜ ልኳን በአነጋገሯ ስትኮራ፣ የተርያን ስታርም የኖረች ሴት ናት። ፊቷ ጠቆረ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ገባትና ቀና አለች።

«እንግዲያው እሷም እንደኔ ናት! እዚህ ተወልዶ የማን አፍ እንደ እናንተ ይሆናል? እህል ስትነፍጉን አፋችንን የሞላው የኩሽ ማሽላ ነው፤ ቃሉም አብሮ ገባ።»

ከሚቀሩት መሃል ጉምጉምታ ተነሣ። መሁ ፈገግታው ጠፋ።

«ስሚ፣ እናት። በሐሰት የሚምል አፍንጫውና ጆሮው እንደሚቆረጥ ታውቂያለሽ። ትምያለሽ?»

ሄኑት ወደ ቤተ መቅደሱ በር አየች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሆሩስ ስም ዋሽታ አታውቅም። ሞታ ልቧ በአማልክት ፊት ሚዛን ላይ የሚወጣበትን ቀን የምትፈራ ሴት ናት። ከሩቅ የአሻየት ጩኸት እንደገና ተሰማ።

«የቡሄን ጌታ በሆሩስ፣ በንጉሡም ሕይወት እምላለሁ» አለች። «ይህች ሴት የእናቴ ልጅ ናት።»

«ሄኑት!» አለች ተርያ። «አበድሽ?»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ጥሩ፣» አለ መሁ። «የእናታችሁ ስም ማን ነበር?»

«ነፍሩ» አለች ሄኑት።

«ኢያ» አለች ተርያ፣ እኩል ከአፏ አምልጧት።

ወታደሩ ሊያስራት የተጠቀለለ ገመዱን ዘረጋ። ሄኑት ወደ ተርያ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ፍርሃትም ንዴትም ነበር፤ ንዴቱ ግን የለመደችው ስለሆነ ቀድሞ ወጣ።

«እናታችንን ኢያ የምትላት እሷ ብቻ ናት! ሰው ሁሉ ነፍሩ ሲል እሷ የራሷን ስም ታወጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግትር ናት!»

«ግትር? እኔ ነኝ ግትር? አሁን ውሃ አፍልተሽ መጣሽ ወይስ ልጅቷን እንዲሁ ትተሻት ነው?»

«ምን ላድርግ፣ አንቺን እንደ በግ ሲጎትቱሽ ቆሜ ልይ?»

«ቆመሽ እይ! እግሩ ቀድሟል አላልኩሽም? ማን ነው ያለው አብሯት? ያቺ እጇ የሚንቀጠቀጠው ጎረቤት? ዘይቱንስ ከደንሽው?»

«ዘይት! ሰው ሊያስሯት ነው፣ እሷ ስለ ዘይት!»

«ክፍቱን ትተሽዋል! አውቄያለሁ! ጨውም እንዲሁ ነው የምትተዪው!»

«ጨው አታንሺ! በሰው ፊት ጨው አታንሺብኝ!»

መጀመሪያ የሳቀው ከሚቀሩት መሃል አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ በሰልፉ ውስጥ የቆሙት፣ ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው ቤታቸውን የሚለቁት የኩሽ ሰዎች ሳቁ። መሁ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሲያይ ቆየና ወደ ደዱ ዞረ።

«አባት፣ እርስዎ ይህን ምሽግ ያውቃሉ። እውነት እህትማማቾች ናቸው? እርስዎም እንደ መሐላ ይቆጠርብዎታል።»

ደዱ ራሱን ቀና አደረገ። የራሱ ምሕረት ገና ከጠዋት የተሰጠችው፣ በአንድ ቃል ልትወሰድ የምትችል ናት። ሁለቱን ሴቶች ረጅም ጊዜ አየ።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «ጉልበቴ እንቅልፍ ሲነሳኝ ግንቡ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሆኜ እነዚህን ሁለቱን እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ማንኪያ ጀምረው፣ ማንኪያው ተገኝቶም አላቆሙም። አምና ይቺ ቀጭኗ በንዳድ ስትወድቅ፣ ወፍራሟ ደጄ መጥታ ሐኪም ካልላክህልኝ ብላ በሬን በድንጋይ ደበደበችው፤ ምልክቱ እስካሁን አለ። እርስዎ እህት አለዎት?»

«ሁለት አሉኝ።»

«እንግዲያው ምን ይጠይቁኛል?»

መሁ አገጩን አሸ። ሊፈርድ የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ ግን ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረውና በጣቱ ወደ ሰልፉ አመለከተ። እዚያ አዋዋ ቆሟል። ሰፊ ግንባሩን ማንም ሊስተው አይችልም።

«ያንን ሰው አምጡት» አለ መሁ።

አዋዋ መጣ። ተርያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። መሁ ከአዋዋ ወደ ተርያ አየ። «ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

አዋዋ ወደ ተርያ ዞረ። ፊት ለፊት አያት፤ ጉትቻዋን፣ ዘይት የጠጣ እጇን፣ እግሯን። ከአንድ ጡት የጠቡ፣ አንድ መንጋ የጠበቁ ናቸው። አባታቸውን አብረው በላም ቆዳ ጠቅልለው ቀብረዋል። ተርያ አንገቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ ‘ተው፣ እውነቱን ተናገር፣ አብሬህ ልሂድ’ የምትል ትመስላለች። የአሻየት ጩኸት እንደገና መጣ፤ አሁን ደከም ብሏል።

«አላውቃትም» አለ አዋዋ።

«ፊታችሁ አንድ ነው።»

«ጌታዬ፣ ለእናንተ የኛ ሰው ሁሉ ፊቱ አንድ ነው።»

እንደገና ሳቅ ተነሣ፤ መሁም ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ እጁን አወራጨ። «ልቀቋት። ሁለቱንም ውሰዱልኝ ከፊቴ፣ ጆሮዬን አደነቆሩት። ያቺ የምትጮኸው ማን ናት?»

«ልጃችን ናት!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ መሮጥም ጀምረው ነበር።

ተርያ ወደ ኋላ አልዞረችም። ብትዞር ምን እንደምትሆን ታውቃለች።

ዘይቱ ክፍቱን ነበር፤ ተርያ አየችው እንጂ ምንም አላለችም። ሄኑት ከኋላ ሆና አሻየትን በሁለት ክንዷ ታቀፈቻት፤ ተርያ ከፊት ተንበረከከች። «አሁን አትግፊ የኔ እናት፣ ትንሽ ተንፍሺ፣ ትንሽ» አለች በኩሽ ቋንቋ፣ ልጇን በሕፃንነቷ ስታስተኛት በምትጠቀምበት ድምፅ። ሄኑትም በዚያው ቋንቋ ከኋላ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትላለች። እጅ ቀስ ብሎ ገባ፣ ቀስ ብሎ ዞረ። አሻየት የሄኑትን ክንድ ነከሰች፤ ሄኑት አልጮኸችም። ረጅም ጊዜ የተርያ ግንባር ላብ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ዞረ፣» አለች በመጨረሻ። «አሁን ግፊ። አሁን!»

ሴት ነበረች። ሰማያዊ ሆና፣ ዝም ብላ ወጣች። ተርያ አፏን ጠረገችላት፣ ገለበጠቻት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ልጅቷ መንደሩ ከአያቶቿ በለመደው ድምፅ ጮኸች።

«አፍ ያንቺ ነው» አለች ሄኑት፣ እንባዋ እየወረደ።

ተርያ ልጅቷን በእናቷ ደረት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና፣ ከመድረሷ በፊት ቆመች። ከትልቁ በር በኩል የሰልፉ ድምፅ ይሰማል፤ የፍየል ጩኸት፣ የሕፃናት ልቅሶ፣ «ቀጥል፣ ቀጥል» የሚል የወታደር ድምፅ።

«መውጣት አልችልም» አለች፤ «ከአዋዋ ጋር ካዩኝ አለቀ። ሴት እንደተወለደች እንኳ አያውቅም።»

ሄኑት እጇን ታጠበች። ትናንት የቋጠረችውን ዳቦና ጨው አነሣች፤ አንድ ቅል ጠላ ቀዳች። ቀሚሷ ከትናንት ጀምሮ የከብትም የሰውም ነገር ያለበት ነው። በዚያው ወጣች።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ «ወዴት ነው?» አላት።

«ግብፃዊት ነኝ» አለች ሄኑት፤ «ዳቦ ልሸጥ ነው።» አነጋገሯን ሰምቶ ሊስቅ ሲል አልፋው ሄደች።

አዋዋን ከድልድዩ ማዶ ደረሰችበት። ሰዉ ወደ ፏፏቴው በሚወስደው የአሸዋ መንገድ ላይ እንደ ረጅም ክር ተዘርግቷል። አዋዋ ከመጨረሻዎቹ ጋር፣ የአንዲት አሮጊት ምንጣፍ በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። ስታየው ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ከረጢቱን ዘረጋችለት።

«ዳቦ» አለች።

ቆመ። ከረጢቱን ተቀበላት። ፊቷን አየ።

«ሴት ናት» አለች ሄኑት። «እግሯ ቀድሞ ነበር፤ መለሰቻት። ሁሉም ደህና ናቸው። አሻየትም ደህና ናት። ዳቦው ትንሽ ጠንክሯል፤ እሳቱን እሷ ናት ያበዛችው።»

አዋዋ ዓይኑን ጨፈነ። ምንጣፉን በአንድ እጁ እንደደገፈ ቅሉን በሌላው ተቀብሎ ጠጣ፤ የቀረውን ለአሮጊቷ ሰጣት። ሩቅ ካሉት መሃል አንዱ ጠራው። መልሶ ቅሉን ሲሰጣት እጇን ከቅሉ ጋር አንድ ላይ ያዘው።

«እህትሽን አደራ» አላት።

ሄኑት መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። በሕይወቷ የመጨረሻውን ቃል ለሰው ትታ አታውቅም። አሁን ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች። አዋዋ ምንጣፉን አስተካክሎ ሄደ፤ ከሌሎቹ መለየት እስኪያቅታት ቆማ አየችው።

ስትመለስ በቤተ መቅደሱ በር በኩል ነው ያለፈችው። በስሙ የማለችበትን አምላክ ይቅርታ ልትለምን ቆመች። እጇን ዘረጋች፣ ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ግን የምትለምንበት ቃል አልመጣላትም። ምን ብላ ትጀምር? ደጋግማ ሞከረች። ውስጧን ፈተሸችው፤ ‘እህቴ ናት’ ባለችው ውስጥ ሐሰቱን አጣችው።

ከሰፈሩ በኩል የተርያ ድምፅ ግንቡን አልፎ መጣ። «ሄኑት! አንቺ ሄኑት! ውሃው አልቋል፣ ልጅቷ ተርባለች፣ የት ነው የቀረሽው?»

«መጣሁ!» ብላ ጮኸች ሄኑት፣ ቀሚሷን ሰብስባ። «ምን ያስጮህሻል? መጣሁ አልኩ!»